ከክፉ ቀን እስከ ተግዳሮት

ክርስትና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ መጻሕፍትን ከግሪክ ወደ ግእዝ የመለሱ ሰዎች ቀላል ሥራ አልገጠማቸውም። ኢዮብ አለ፤ ሀብቱን፣ ልጆቹንና ጤናውን በተራ የተነጠቀ ሰው። ግብፅ ውስጥ ጭቃ እየረገጠ ጡብ የሚሠራ ሕዝብ አለ። በአንበሳ ጉድጓድ የተጣለ ነቢይ አለ። ለዚህ ሁሉ ጭንቅ በአገሩ አፍ ስም ማግኘት ነበረባቸው። ያገኟቸውም ስሞች ዛሬ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ሱሉልታ ታክሲ ተራ ላይ፣ ቡራዩ ገበያ ውስጥ፣ ሰበታ ፋብሪካ በር ላይ ሳይቀር ይሰማሉ።

አንዱ መከራ ነው። ሥሩ መከረ ነው፤ ምክር፣ ሙከራና መከራ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በግእዙ መከራ ሲባል መፈተኛ፣ መሞከሪያም ማለት ነበር፤ በአማርኛ የጎላው ስቃይነቱ ነው። ባላገሩ ግን ምክር አልሰማ ያለ መከራ ይመክረዋል እያለ ሁለቱን ቃላት ወደ አንድ ቤት መልሷቸዋል። ፈተናም እንዲሁ ነው፤ ፈተነ ማለት መረመረ ማለት ነው። በአቡነ ዘበሰማያት ግእዙ መንሱት የሚለውን አማርኛው ፈተና ብሎ ይጸልየዋል። ፍዳ ከፈደየ መጣ፤ ዕዳ ከፈለ፣ ብድር መለሰ እንደ ማለት። አበሳ ደግሞ በደል ነው፣ ኃጢአት። እንግዲህ በዝናብ ታክሲ ያጣ ሰው ፍዳዬን አየሁ ሲል የዕዳ ቃል እየተናገረ ነው፤ አበሳዬን አየሁ ሲልም የንስሐ።

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ቃላት ሁሉ ጀርባ አንድ ሰው ወይም አንድ ኃይል ቆሟል። ፈተና ፈታኝ አለው፤ ፍዳ አስከፋይ አለው፤ አበሳ በዳይ አለው። ችግር ሲደርስ ከማን መጣ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። እዚህ የምተርከው ያ ጥያቄ ከንግግራችን እንዴት ቀስ በቀስ እንደወጣ ነው።

ወዲያ ማዶ በእንግሊዝ አገር የአንድ ሌላ ቃል ጉዞ ይጀመር ነበር። በ1066 እ.ኤ.አ. ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የጌቶቹ ፈረንሳይኛ በፍርድ አደባባይና በቤተ መንግሥት ነገሠ። አብረው ከገቡት ቃላት አንዱ ዛሬ በየስብሰባው የምንሰማው ቻሌንጅ ነው። አያቱ የላቲኑ ካሉምኒያ ነው፤ የሐሰት ክስ፣ ስም ማጥፋት። በእንግሊዝኛም በመጀመሪያ ክስና ውንጀላ ነበር። ከዚያ የይገባኛል ሙግት ሆነ፤ ቀጥሎ አንዱ ባላባት ሌላውን ለፍልሚያ የሚጠራበት ቃል ሆነ። አስቸጋሪ ሥራ የሚለውን ትርጉም ያገኘው እጅግ ዘግይቶ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ቻሌንጅ ካለ ከሳሽ አለ፤ ወይም ጓንቱን መሬት ላይ ወርውሮ የሚጠብቅ ባለጋራ አለ።

ወደ አገራችን ልመለስ። እንጦጦን፣ ወጨጫንና መናገሻን ተደግፎ የተዘረጋው ደጋ የቱለማ ኦሮሞ አገር ነው። እዚህ ችግር ራኮ ይባላል፤ ሰፋ ሲል ራኪና፤ ረሃቡ ለብቻው ቤላ። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ገበያ ሲውሉ ስለኖሩ ቃላትም ተዋውሰዋል፤ አማርኛው ጭንቅ የሚለውን ኦሮምኛው ጪንቂ ይለዋል። የአማርኛው ችግር ደግሞ በድሮ ዘመን ትርጉሙ ዛሬ ካለው የጠበበ ነበር። ቸገረው ማለት አጣ፣ የሚበላው የሚለብሰው ጠፋበት ማለት ነው። ችግር ገባ ከተባለ እህል ጠፋ፤ ችግረኛም ድኃ ነው። የኮምፒውተር ችግር፣ የኔትወርክ ችግር የሚባል ነገር ለአያቶቻችን ትርጉም አልነበረውም።

የእንግሊዝኛና የአማርኛ ቃላት ጎን ለጎን መሰለፍ የጀመሩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሸዋ ድረስ ዘልቆ የነበረው ሚሲዮናዊው ካርል ኢዘንበርግ የአማርኛ መዝገበ ቃላቱን በ1841 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሳይሞላ እንጦጦ ዙሪያ ያለው ሕዝብ፣ አማራውም ኦሮሞውም፣ ያሉት ስሞች ሁሉ የማይበቁት ነገር ወረደበት።

ጣልያኖች ምጽዋን በ1877 ዓ.ም. ያዙ። ለጦራቸው ቀለብና ጭነት ከብት ከባሕር ማዶ፣ ከህንድ ሳይቀር አስመጡ። በ1880 ገደማ ከእነዚያ ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ወደ መሬት ወረደ፤ ኋላ በአማርኛ የደስታ በሽታ የተባለው። ሰው የሚፈራውን ነገር በግልጽ ስሙ አይጠራም፤ ይኸኛው ስም ግን ከሁሉ ይብሳል። ከብቱ አንድ ቀን ያተኩሰዋል፣ ዓይኑና አፍንጫው ያፈስሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ ይቀዝናል፤ ሳምንት ሳይሞላው ይወድቃል። ከአሥር ከብት ዘጠኙ አለቀ ይላሉ ታሪክ ጸሐፊዎች።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው፤ ክረምት ሲወጣ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ድርቆሹን ዛሬም የአዲስ አበባ ወተት አርቢዎች ያውቁታል። ኑሮው ከብት በሆነ በዚህ ሜዳ ላይ ከብት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ለገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ለከተሜ ግን ልንገር። በሬ ከሞተ ሞፈርና ቀንበሩ ቤት ይውላል። እርሻው ካልታረሰ አዝመራ የለም። ላም ከሌለ ወተት የለም፣ ኩበት የለም። በዚህ ላይ ዝናቡ ከዳ፤ አንበጣና ተምች በቀረው ላይ ወረደ፤ ፈንጣጣና ሌላም ወረርሽኝ ተከተለ። የዘር እህል ያለው እንኳ በምን ይዝራው? ሰው እህል ፍለጋ ከቀዬው ወጣ፣ በየመንገዱም ወደቀ። ከአገሩ ሕዝብ ሲሶው ሳያልቅ አልቀረም የሚል ግምት አለ።

ያኔ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መናገሻቸው እንጦጦ ላይ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ፤ ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። ያ ዘውድ የተጫነው ሬሳ በየመንገዱ በሚነሣበት ወራት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጎተራቸውን ከፍተው አበሉ፤ ከብት እንዲተርፍ የበሬ ሥጋ አልበላም አሉ። ከዚህ ሁሉ በሕዝቡ ልብ የቀረው ግን ሌላ ነው፤ ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። የእርሻ ሥራን መናቅ ባህሉ በሆነ ቤተ መንግሥት፣ ያለ በሬም ማረስ ይቻላል ለማለት የነገሠ ሰው በአደባባይ ዶማ ሲያነሣ መኳንንቱም ዝቅ ብለው መቆፈር ግድ ሆነባቸው። ከዚያ ዘመን ታሪክ አንዲት ሥዕል ምረጥ ቢሉኝ የዓድዋውን ፈረስ ትቼ ይህችን ዶማ እመርጣለሁ።

ከ1880 እስከ 1884 የዘለቀውን ያን ዘመን ሕዝቡ ክፉ ቀን አለው። መከራ የለበትም፣ ፈተና የለበትም፤ በስሙ ውስጥ ፈታኝም አስከፋይም አልተጠራም። ካህናቱ በእርግጥ የኃጢአታችን ዋጋ ነው ብለው አስተምረዋል፤ ምሕላ ተይዟል። ሕዝቡ ግን ስም ሲያወጣ ቀኑን ከሰሰ። ከምጽዋ የመጣውን የባሕር ማዶ ከብት በወቅቱ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ተጠያቂ ፈልጎ ያጣ ሕዝብ በቀን ቢፈርድ አይፈረድበትም። የአረጋውያን ቤት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዕድሜ የሚቆጠርበት ክፉ ቀን ይህ ነው፤ እናት ለክፉ ቀን ብላ የምትቋጥረው ሳንቲምም የእርሱ ትዝታ ይመስለኛል።

የበሽታው ታሪክ መጨረሻ ሰበታን ይነካል። የአገሪቱ የእንስሳት ጤና ምርመራ ማዕከል መቀመጫው እዚያ ነው። ከብዙ አሥርተ ዓመታት ክትባትና አሰሳ በኋላ ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነፃ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ታወቀ፤ በ2003 ደግሞ በሽታው ከምድረ ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ተበሠረ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ክፉ ቀንን ያመጣው ነገር በመጨረሻ ስሙ ታውቆ፣ ተለይቶ፣ ተሸንፏል። ሰበታን የሚያነሣ ሰው ቢራዋን ያወድሳል፤ ይህን የሚያነሣ ግን አልሰማሁም።

ከክፉ ቀን ወዲህ አዲስ አበባ በፍጥነት አደገች፤ እንጨቱም አለቀ። በእንጦጦ ተራራ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። ዐፄ ምኒልክ በ1893 ገደማ ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በቡራዩ በኩል ያልፋል፤ ያን ጊዜ ቡራዩ ከተማ ሳትሆን ማለፊያ ናት። አሳቡ ቀርቶ የቤተ መንግሥቱ ቦታ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ አዲስ አበባን ያዳናትም ከውጭ የመጣ ችግኝ ነው፣ ባሕር ዛፍ። ጀርባዋን አጉብጣ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ይዛ ከእንጦጦ የምትወርደው ሴት እስከ ዛሬ የዚያ ውሳኔ ተረካቢ ናት። እሷ ችግሯን ተግዳሮት ብላ አታውቅም።

1928 ሲመጣ የፈታኙ ማንነት ምንም አላደናገረም። ጣልያን በሚያዝያ ማብቂያ አዲስ አበባ ገባ። በሰላሌ በኩል የራስ ካሣ ልጆች፣ ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋ ወሰን፣ ጦር ይዘው ፍቼ ላይ ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ ከእነርሱ ጋር ነበሩ። በሌላ በኩል የደጃዝማች ፍቅረ ማርያም፣ የአበበ አረጋይ፣ የሽማግሌው የደጃዝማች ባልቻ ሰዎች አሉ። ከተማዋን ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ከበው ሊያጠቁ ተማከሩ። ቀኑ ሐምሌ 21 ሆነ።

ሐምሌን በሱሉልታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሜዳው ረግረግ ነው፤ ጭጋጉ ከእንጦጦ እየወረደ አሥር እርምጃ ፊትህን ይጋርድሃል፤ ጅረቱ ሁሉ ወንዝ ሆኗል። ከፍቼ ወደ አዲስ አበባ የሚያወርደው መንገድ በዚህ ሜዳ አልፎ ተራራውን ይሻገራል። ራዲዮ የለም፤ መልእክት የሚሄደው በእግርና በፈረስ ነው። ወንዝ የሞላበት ክፍል ዘገየ፤ አንዱ ሲደርስ ሌላው ገና መንገድ ላይ ነው። ከሰሜን የወረዱት ጥቂቶቹ እስከ ከተማው መሐል ዘልቀው ተዋጉ፤ ከሌላው አቅጣጫ ግን የሚጠበቀው ጦር በሰዓቱ አልደረሰም። ጥቃቱ ከሸፈ። በማግስቱ ሐምሌ 22 አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ። የካሣ ልጆችም በታኅሣሥ 1929 በምሕረት ስም እጃቸውን ከሰጡ በኋላ ፍቼ ላይ ተገደሉ። ሕዝቡ ያን አምስት ዓመት የመከራ ዘመን ሲል በቃሉ ውስጥ የጠላቱን ፊት እያየ ነበር።

ገፈርሳም የዚያ ዘመን አካባቢ ልጅ ነው። ለአዲስ አበባ ውኃ ለማጠራቀም ቡራዩ አጠገብ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ላይ ግድብ በ1930ዎቹ ተሠራ፤ ኋላም ተስፋፋ። የለገዳዲ ግድብ እስኪሠራ ድረስ የከተማዋ ዋና የውኃ ጎተራ እርሱ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከነፃነት በኋላ ሰበታ ውስጥ በንጉሡ ዘመን አንድ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ መርሐ ዕውራን። የዕውሮች መሪ ማለት ነው። ያኔ ማንም አልተቀየመም፤ በኋላ ዕውር የሚለው ቃል ስድብ መሰለና ዓይነ ሥውር ተባለ፣ ከዚያም ማየት የተሳነው። ቃሉ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፤ የብሬል መጽሐፍ እጥረት ግን ከስሙ ጋር አልተለወጠም። ፈተና የሚለውም ቃል በዚሁ ዘመን አዲስ ጌታ አገኘ። በትምህርት ሚኒስቴር እጅ ገብቶ ቁጥርና ሰዓት ተሰጠው፤ ፈታኙ ከሰማይ ወርዶ እርሳስና ላጲስ ይዞ በመደዳ ወንበሮች መካከል መዞር ጀመረ።

በ1954 የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ጎልያድ ሲተርክ የተጠቀመበት ግሥ ተገዳደረ ነው። ያ ግዙፍ ሰው በሸለቆው ማዶ ቆሞ የእስራኤልን ሠራዊት ይገዳደራል፤ ወንድ ከሆናችሁ አንድ ሰው ላኩ ይላል። ተግዳሮት የወጣው ከዚሁ ግሥ ነው። እንግሊዛዊው ባላባት ጓንት ሲወረውርና ጎልያድ ጦሩን ሲያወዛውዝ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ቃላት ሳይተዋወቁ አንድ ዓይነት ሆነው ቆይተዋል፤ ከሁለቱም ፊት ቁመቱና ትጥቁ የሚታይ ሰው ነበር።

በ1965 እና 66 ወሎ ተራበች። መንግሥት ደበቀ፤ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 መግቢያ ያሳየው ፊልም ምሥጢሩን ለዓለም አወጣው፤ ዙፋኑም ከተናጋባቸው ነገሮች አንዱ ያ ነው። በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዚህ በኋላ ረሃብ የሚለው ቃል ራሱ መፈራት ጀመረ። የ77ቱን እልቂት ያየ ሰው ረሃቡ ይላል፤ ወረቀቱ ግን ድርቅ ይላል። ድርቅ ከሰማይ ነው፤ ማንንም አይከስም። ረሃብ ካሉ ግን ጎተራው የት ነበር፣ መንገዱን ማን ዘጋ፣ ገንዘቡ ለምን ዋለ የሚል ይመጣል። ኮሚሽኑ በ1987 የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ተባለ፤ ዛሬ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ነው። እርዳታ ወደ አደጋ፣ አደጋ ወደ ስጋት። የሚበላው ያጣ ሰው ከስሙ ውስጥ እየራቀ እየራቀ ሄደ። ለዝግጅት ስጋትን አስቀድሞ ማየት ትክክል ነው፤ ሙያው ይህን ይጠይቃል። ሆኖም ስሙን ብቻ ያነበበ ሰው ተርቦ የቆመ ሰው መኖሩን አያውቅም።

ከ1983 ወዲህ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች በዙ፤ ፕሮጀክት ለመጻፍ እንግሊዝኛ ግድ ሆነ። ቻሌንጅ በዚያ በር ገባ። በሠለጠነው ዓለም የሥራ አመራር መጻሕፍት ችግር አለብን ማለት ነውር ከሆነ ቆይቶ ነበር፤ ቻሌንጅ ይሻላል፣ ጉልበት አለው፣ ተስፋ አለው። እኛ ጋ በመጀመሪያ በእንግሊዝኛው ተነገረ፤ ከዚያ በአማርኛ ይሁን ሲባል የጎልያድ ቃል ተጠራ። በ2000ዎቹ ተግዳሮት የማይገኝበት ሪፖርት ጠፋ። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፤ ሥሩም የራሳችን ነው። የተበላሸው አጠቃቀሙ ነው፤ ጎልያድ ከውስጡ ወጥቷል።

ሪፖርት ያላየ ካለ እንዲህ ነው። ገጹ በሠንጠረዥ ተከፍሏል። በግራ ያጋጠሙ ችግሮች፣ በቀኝ የተወሰዱ መፍትሔዎች። በግራው ዓምድ የበጀት እጥረት፣ የግንዛቤ ማነስ፣ የቅንጅት ጉድለት፤ በቀኙ ግንዛቤ ተፈጥሯል፣ አቅጣጫ ተቀምጧል፣ ቅንጅት ተጠናክሯል። ግሦቹን ተመልከቱ፤ ሁሉም ተደራጊ ናቸው። ተፈጥሯል፣ ተቀምጧል፣ ተጠናክሯል። ማን እንደፈጠረው፣ ማን እንዳስቀመጠው፣ ማን እንዳጠናከረው አይታወቅም። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይኸው ገጽ ቀኑ ብቻ ተለውጦ ይመጣል።

በዚሁ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ላይ የወረደው ነገር ግን ባለቤት ነበረው። በ2000 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ተብለው ተዋቀሩ። ፋብሪካ መጣ፣ የአበባ እርሻ መጣ፣ የሪል እስቴት አጥር መጣ። ገበሬው ለመሬቱ የተከፈለው ካሣ ከተማው ሲያድግ ካየው ዋጋ ጋር አልተገናኘም፤ የአባቱ ማሳ ላይ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረ ሰው ታሪክ በዚህ አካባቢ ብርቅ አይደለም። በሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባና ዙሪያው የተቀናጀ ማስተር ፕላን ተቃውሞ አስነሣ፤ በኅዳር 2008 ብሶ ተመለሰ፤ ሰዎች ሞቱ፤ በጥር 2008 ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ። ያን ጊዜ የሰማነው ሐረግ የመልካም አስተዳደር ችግር ነው። መሬቱን ማን ወሰደ፣ ለማን ሰጠ የሚለው በሦስት ቃል ተሸፈነ።

የመስከረም 2009ን አንድ ሳምንት ብቻ እንይ። መስከረም 22 ቀን ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ በዓል ወደ እልቂት ተለወጠ። በቀጣዮቹ ቀናት ሰበታ አካባቢ ፋብሪካና ተሽከርካሪ ተቃጠለ። መስከረም 25 ቀን ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ ወደብ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሳምንቱ ሳያልቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። አንድ ከተማ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይህን ሁሉ ሲያይ አንድ ቃል ሊይዘው አይችልም፤ የቢሮው አማርኛ ግን የጸጥታ ችግር ብሎ ያዘው። በመስከረም 2011 ቡራዩ ውስጥ ሰዎች በየቤታቸውና በየመንገዱ ሲገደሉ፣ ሺዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ሲሸሹም የተነገረው ያው ነው። ግድያ የጸጥታ ችግር ከተባለ ገዳዩ የት ሄደ?

በዚህ መሐል ስለ ሱሉልታ አንድ ደስ የሚል ነገር ጣል ላድርግ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ደረት ያቃጥላል። ሯጮቻችን ይህን ፈልገው ይሄዳሉ። ቀነኒሳ በቀለም የመሮጫ ትራኩን ያሠራው እዚያ ነው። ንጋት ላይ በዚያ ሜዳ በነጠላ ሰልፍ የሚሮጡት ልጆች ቻሌንጅ ቢሉ ያምርባቸዋል፤ ተጋጣሚያቸው አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ራሳቸው መርጠው ገብተውበታል።

በ2015 ዓ.ም. ሦስቱ ከተሞች ከሌሎች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ተባሉ፤ ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ክፍለ ከተማ ሆኑ። በዚያው ዓመት ብዙ ቤት ፈረሰ። ሕገ ወጥ ግንባታ ነው ተባለ፤ ቤቱን በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ፣ መብራት አስገብቶ፣ ልጅ ወልዶ ያሳደገው ሰው ግን ከማን ገዛህ፣ ማን መብራት አስገባልህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚጠራው ስም አያጣም። ያ ስም በየትኛውም የሪፖርት ዓምድ ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ ገፈርሳ ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁ። ከግድቡ ብዙም በማይርቅ የቡራዩ ሰፈር ቢጫ ጀሪካን ከቦኖ ፊት በመስመር ተደርድሮ ያድራል። ባለቤቶቹ ተኝተው ጀሪካኖቹ ወረፋ ይጠብቃሉ፤ እያንዳንዱ ላይ በቀለም ወይም በጨርቅ ቁራጭ ምልክት አለ፣ እንዳይሰረቅም እንዳይቀያየርም። ውኃው ሲመጣ በሌሊት ነው። ከመካከላቸው አንዷን እናት ብንጠይቅ ውኃ ከጠፋ ስንት ቀን እንደሆነው፣ የጋሪው ውኃ ስንት እንደገባ፣ ቀበሌ ሄዳ ማን ምን እንዳላት በቅደም ተከተል ትነግረናለች። እሷ የምትናገረውና በወሩ መጨረሻ የሚጻፈው ሪፖርት አንድን ነገር የሚያወሩ አይመስሉም። እሷ ውኃ ከለከሉን ትላለች፤ ወረቀቱ በውኃ አቅርቦት ዙሪያ ተግዳሮቶች ተስተውለዋል ይላል።

በሸገር ክፍለ ከተሞችም ሆነ በየትኛውም ቢሮ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት የምታዘጋጁ ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። ተግዳሮት የሚለውን ቃል ተዉት አልልም፤ የእኛ ቃል ነው። ግን ከመጻፋችሁ በፊት ጎልያድ ማን እንደሆነ ጠይቁና ከጎኑ ጻፉት። ፓምፑ ተቃጥሎ ከሆነ ፓምፑ ተቃጥሏል በሉ፤ መቼ እንደተቃጠለ፣ መለዋወጫው በማን ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ ጨምሩ። ከዚያ ዓምዱ ቢረዝም፣ ሠንጠረዡ ቢበላሽ፣ አለቃ ቢቆጣ ይሻላል።